ስለ ፕሮፌሰር ሮበርት ላንገርና ስለ ደቃቅ የመድኃኒት ተሸካሚዎች አጭር ታሪክ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በአገራችን ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ ታዘዘ። እኔ ያን ጊዜ ገና ልጅ ስለ ነበርሁ ነገሩ የዕረፍት ቀን መስሎኝ እየዘለልሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ። የተነገረን ለ15 ቀን ብቻ ነበር፤ ዳሩ ግን 15ቱ ቀን ወራት ሆነና ደብተራችን አቧራ ለበሰ። ከዓመታት በኋላ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሳነብ እንደ ተረዳሁት፥ በዚያችው ዕለት፥ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 16 ቀን 2020፥ በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ከዚያ በፊት በሰው ላይ ተሞክሮ የማያውቅ የኮሮና ክትባት በክንዷ ተወጋች። የእኛ ትምህርት ቤት መዘጋትና የዚያ ክትባት መጀመር በአንድ ቀን መግጠማቸው ስለ አስደነቀኝ፥ «ይህ ክትባት እንዲህ ፈጥኖ ከወዴት መጣ?» ብዬ መመርመር ጀመርሁ። መልሱም ፈጥኖ አለመምጣቱ ነው። መንገዱ ከ40 ዓመት በላይ ሲጠረግ ኖሯል።

የክትባቱ ዋና ነገር ኤም አር ኤን ኤ የሚባል ለሰውነት ሕዋሳት የሚላክ መልእክት ነው። መልእክቱ ግን ብቻውን ወደ ሰውነት ቢገባ ሳይደርስ ይፈርሳል። ስለዚህ ከስብ በተሠራ እጅግ ደቃቅ ከረጢት ውስጥ ተከቶ ይላካል። ይህን የመሰለ ደቃቅ ተሸካሚ እንዲኖር ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ የኬሚካል ምሕንድስና ፕሮፌሰር የሆኑት ሮበርት ላንገር ናቸው። ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብቻ ይጻፋል፤ እኔ ግን ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የአንድ መሐንዲስን የሥራ ታሪክ ልጽፍ ወደድሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድሞ ስለ መጠን ጥቂት እንናገር። ናኖ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ድንክ ማለት ነው። አንድ ሜትር 1,000,000,000 ቦታ ቢከፈል አንዱ ክፍል ናኖሜትር ይባላል። የሰው ጠጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 100 ናኖሜትር ስፋት ያላቸውን ቅንጣቶች በአንድ የጠጉር ውፍረት ላይ ጎን ለጎን ብንደረድራቸው 800 ያህል ይሆናሉ። ይህን ያህል ማሳነስ ያስፈለገው ለመደነቅ አይደለም። በሰውነታችን ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች አንዱን ቀይ የደም ሕዋስ በጭንቅ የሚያሳልፉ ስለ ሆኑ፥ መድኃኒት የተሸከመ ቅንጣት ትልቅ ከሆነ መንገዱን ይዘጋል፤ በናኖሜትር የሚለካ ከሆነ ግን ከደሙ ጋር ሳይሰናከል ያልፋል።

ሮበርት ላንገር ኦገስት 29 ቀን 1948 በኒው ዮርክ ግዛት በኦልባኒ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው የኬሚስትሪ መጫወቻ ሣጥን ተሰጥቷቸው፥ ፈሳሾችን እየቀላቀሉ ቀለማቸው ሲለወጥ ማየት እጅግ ደስ ያሰኛቸው ነበር። በ1970 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኬሚካል ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፥ በ1974 ደግሞ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ።

በዚያ ዘመን የኬሚካል መሐንዲስ ሥራ መፈለግ አያሻውም ነበር፤ ሥራው ራሱ ይፈልገው ነበር። በ1973 የተነሣው የነዳጅ ችግር ዋጋውን ስለ አናረው የዘይት ኩባንያዎች መሐንዲስ ለመቅጠር ይሽቀዳደሙ ነበር። ላንገርም 20 ያህል የሥራ ጥሪ ደረሳቸው። ከኩባንያዎቹ በአንደኛው ሲጠየቁ፥ የአንዱን ኬሚካል ምርት ከመቶ አንድ አሥረኛ ያህል እንኳ ቢያሳድጉ እጅግ ብዙ ገንዘብ እንደሚያስገኝ ተነገራቸው። ነገሩ እውነት ነበር። ላንገር ግን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ዕድሜያቸውን ለዚህ ማዋል እንደማይፈልጉ ተረዱ።

ታዲያ ምን ፈለጉ? በተማሪነታቸው ጊዜ ለድሆች ልጆች በተከፈተ አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ያዘጋጁና ያስተምሩ ነበር። ሥራውን ስለ ወደዱት የኬሚስትሪ ትምህርት አዘጋጅ ለመሆን ወደ 40 ያህል ኮሌጆች ጻፉ። አንዱም መልስ አልሰጣቸውም። ቀጥለው ወደ ሆስፒታሎችና ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ጻፉ፤ ከዚያም መልስ አልመጣም። የኬሚካል መሐንዲስ በሆስፒታል ምን ይሠራል? በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባቸው በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ጁዳ ፎክማን የሚባሉ የቀዶ ጥገና ሐኪም አንዳንድ ጊዜ ያልተለመዱ ሰዎችን እንደሚቀጥሩ ነገራቸው። ፎክማንም ተቀበሏቸው። ደመወዙ ከዘይት ኩባንያዎቹ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ዶክተር ፎክማን በ1971 አንድ አዲስ አሳብ ጽፈው ነበር። ይኸውም የነቀርሳ ዕባጭ የሚያድገው አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ስቦ በእነርሱ ሲመገብ ነው፤ ስለዚህ የደም ሥሮቹ እንዳይበቅሉ ቢደረግ ዕባጩ ሊታገት ይችላል የሚል ነው። በዚያን ጊዜ ይህን አሳብ የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ። ላንገር የታዘዙትም የደም ሥር እድገትን የሚከለክለውን ነገር ፈልገው እንዲያወጡ ነው። የጆሯችንና የአፍንጫችን ጫፍ የተሠሩበት ለስላሳ አጥንት የደም ሥር የለውም፤ የሚከለክለውም ነገር በእርሱ ውስጥ ይገኝ ይሆናል ተብሎ ታሰበ። ስለዚህ ዶክተሩ መሐንዲስ ወደ ቄራ እየሄዱ የከብት አጥንት ይሰበስቡ፥ ለስላሳውንም ክፍል እየፋቁ ያጠራቅሙ፥ በብዙ ኪሎ የሚቆጠረውን አጣርተው ጥቂት ዱቄት ያወጡ ጀመር።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ዱቄቱ መሥራቱን ማረጋገጥ ነበር። ፈተናው በጥንቸል ዓይን ላይ የሚደረግ ነው፤ የዓይኑ የፊት ሽፋን ጥርት ያለ ስለ ሆነ የደም ሥሮች ወደ ዕባጩ ሲያድጉ በግልጽ ይታያሉ። ነገር ግን እድገቱ ሳምንታት ይፈጃል፤ የሚከለክለው ነገርም በዚያ ጊዜ ሁሉ ሳይቋረጥ በጥቂት በጥቂቱ መፍሰስ አለበት። ፕሮቲን ደግሞ ትልቅ ሞለኪውል ነው። የዘመኑ ሊቃውንት ትናንሽ ሞለኪውሎች በፕላስቲክ ውስጥ አልፈው ቀስ ብለው ሊወጡ እንደሚችሉ ያውቁ ነበር፤ ትልልቆቹ ግን ሰው በግድግዳ ውስጥ ማለፍ እንደማይችል ሁሉ ከቶ አያልፉም ይሉ ነበር።

ላንገር ይህ የማይቻል መሆኑን የሚናገረውን ጽሑፍ አስቀድመው አለማንበባቸው እንደ ጠቀማቸው በኋላ ተናግረዋል። ሙከራውን ጀመሩ፤ አልሠራም። ቀየሩት፤ አልሠራም። የማይሠሩ መንገዶችን ከ200 በላይ እንዳገኙ በቀልድ ይናገራሉ። በመጨረሻ አንድ የፕላስቲክ ዓይነት በሚያሟሟ ፈሳሽ አሟሙተው፥ የፕሮቲኑን ዱቄት ቀላቅለው፥ በብርድ አርግተው አደረቁት። በውስጡም እጅግ ጠባብና ጠመዝማዛ የሆኑ ቀዳዳዎች ተፈጠሩ። ፕሮቲኑ በግድግዳው ውስጥ አላለፈም፤ በጠመዝማዛው መንገድ ወጣ። በማያውቀው ሰፈር ጠባብ መንገድ የገባ ሰው እየዞረ ዘግይቶ እንደሚወጣ፥ ፕሮቲኑም ለብዙ ቀናት ጥቂት በጥቂት ወጣ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአገራችን ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ውጤቱ በ1976 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ። በዚያው ዓመት ለስላሳው አጥንት የደም ሥር እድገትን እንደሚያግት የሚያሳየው ጽሑፍ ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ወጣ። በፎክማን አሳብ መንገድ የተሠራ ቤቫሲዙማብ የሚባል የነቀርሳ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2004 ነው። ከአሳቡ እስከ መድኃኒቱ 33 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ጽሑፉ ታተመ እንጂ ሰው አላመነውም። ላንገር በ1976 በሊቃውንት ጉባኤ ላይ ሥራቸውን ሲያስረዱ፥ ንግግራቸውን ከፈጸሙ በኋላ በዕድሜና በዕውቀት የሚበልጧቸው ኬሚስቶች ቀርበው ከተናገሩት አንዱንም እንደማያምኑ ነገሯቸው። የኬሚካል ምሕንድስና ክፍሎችም ይህ ሥራ ምሕንድስና አይደለም ብለው ሊቀጥሯቸው አልወደዱም፤ ስለዚህ ማስተማር የጀመሩት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በሥነ ምግብ ክፍል ነው። ለምርምር ገንዘብ ለመጠየቅ የጻፏቸው የመጀመሪያዎቹ 9 ማመልከቻዎች ሁሉም ተመለሱ። ከተሰጡትም ምክንያቶች አንዱ፥ መሐንዲስ ስለ ሕይወት ሳይንስ፥ ይልቁንም ስለ ነቀርሳ ምን ያውቃል የሚል ነበር። የቀጠሯቸው የክፍሉ አለቃ ሥራቸውን ሲለቁ፥ ከቀሩት አንዳንድ አንጋፋ መምህራን ሌላ ሥራ እንዲፈልጉ መከሯቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ላንገር የተናቁት ባለማወቃቸው አልነበረም። በሁለት ሙያዎች ወሰን ላይ ስለ ቆሙ ነው። ሐኪሞቹ መሐንዲስ ነህ ይሏቸዋል፤ መሐንዲሶቹ የሐኪም ሥራ ትሠራለህ ይሏቸዋል። በወሰን ላይ የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ባይተዋር ነው፤ ነገር ግን ሁለቱንም አገር የሚያየው እርሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ላንገር ከሐኪሞች ጋር ሆነው ወደ ሌላ ጥያቄ ሄዱ። በዚያ ዘመን በሕክምና የሚያገለግሉት ብዙዎቹ ፕላስቲኮች ለሌላ ጉዳይ ተሠርተው ሐኪሞች የተዋሷቸው ነበሩ። ላንገር ግን «ለሰውነት የሚስማማውን ራሳችን ከመሠረቱ ለምን አንሠራም?» አሉ። ከባልደረቦቻቸውም ጋር ፖሊአንሃይድራይድ ከሚባሉት ኬሚካሎች፥ ሳሙና ከላዩ እየሟሟ እንደሚያልቅ ሁሉ ከላዩ ብቻ እየሟሟ የሚያልቅ ነገር ሠሩ። ይህም አንጥረኛ የሚጠቀምበትን ሰም ያስታውሰናል፤ ሰሙ ሥራውን ፈጽሞ ይሄዳል፥ የተፈለገው ወርቅ ይቀራል። ተቃዋሚዎች በየጊዜው ተነሡ። አንዱ ከመድኃኒቱ ጋር ይዋሐዳል፥ ሌላው ይሰባበራል፥ ሦስተኛው ሰውነትን ይመርዛል አለ። የላንገር ተማሪዎችም እያንዳንዱን ጥያቄ በክርክር ሳይሆን በሙከራ መለሱት። በመጨረሻም ከአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ከሄንሪ ብሬም ጋር ሆነው፥ ካርሙስቲን የሚባለውን መድኃኒት የያዘ ሳንቲም የሚያህል ስስ ቅርፊት አዘጋጁ። ሐኪሙ የአንጎሉን ዕባጭ ካወጣ በኋላ እስከ 8 የሚደርሱ ቅርፊቶችን በባዶው ቦታ ያኖራል፤ መድኃኒቱም መላውን ሰውነት ሳይመርዝ በተፈለገበት ቦታ ይፈስሳል። ይህ ሕክምና በ1996 በአሜሪካ መንግሥት ተፈቀደ። ለዚያ ከባድ የአንጎል ነቀርሳ አዲስ ሕክምና ሲፈቀድ ከ20 ዓመት በላይ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ቅርፊቱ ግን የሚሠራው በተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። በሽታው በሰውነት ውስጥ የተበተነ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ተሸካሚው ከደም ጋር መጓዝ አለበት፤ ለዚህም ነው ወደ ናኖሜትር መጠን መውረድ ያስፈለገው። ይሁን እንጂ ሰውነታችን ንቁ ዘበኛ አለው። እንግዳ ቅንጣት ወደ ደም ሲገባ ፕሮቲኖች ይለጠፉበታል፤ ወዲያውም በጉበት ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ይውጡታል። መድኃኒቱ ወደ ታመመው ቦታ ሳይደርስ በመንገድ ቀረ ማለት ነው። በ1994 ሩክሳንድራ ግሬፍ የተባሉት ተመራማሪ፥ ላንገርና ባልደረቦቻቸው መፍትሔውን በሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። በሰውነት ውስጥ የሚሟሙ ደቃቅ ቅንጣቶች ሠርተው፥ ውሃ በሚስብ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል በሚባል ቀጭን ክር ላያቸውን ሸፈኑት። ክሩ ውሃ ይዞ በቅንጣቱ ዙሪያ እንደ ካባ ስለሚቆም ፕሮቲኖች በቀላሉ አይለጠፉበትም። በአይጦች ላይ በተደረገው ሙከራ ቅንጣቶቹ በደም ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ በጉበት የተያዙትም እጅግ ቀነሱ። ቅንጣቶቹ ከክብደታቸው ከመቶ እስከ 45 የሚደርስ መድኃኒት ለመያዝ ችለዋል።

ታሪክ ጸሐፊ ድሉን ብቻ መጻፍ የለበትም። ላንገር ከአንድ ሐኪም ጋር ሆነው የነቀርሳ ሕዋሳትን ፈልገው የሚይዙ የናኖ ቅንጣቶችን ለመድኃኒትነት የሚያበቃ ባይንድ የሚባል ኩባንያ አቋቁመው ነበር። በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ የተጠበቀውን ያህል ውጤት አልሰጠም፤ ኩባንያውም በ2016 ከሰረ። በአይጥ ላይ የሠራ ነገር ሁሉ በሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ጀመርሁበት ክትባት እመለሳለሁ። በ2010 ላንገር ከሌሎች ጋር ሆነው ሞደርና የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ነገር ግን ክትባቱ የአንድ ሰው ሥራ ነው ብሎ መጻፍ እውነትን ማጉደል ነው። የሰውነት ዘበኞች ኤም አር ኤን ኤን እንዳያጠፉት ኬሚካዊ አሠራሩን መለወጥ እንደሚቻል በ2005 ያሳዩት ሃንጋሪያዊቷ ካታሊን ካሪኮና አሜሪካዊው ድሩ ዋይስማን ሲሆኑ፥ ለዚህም በ2023 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ለዚህ ዓይነት መልእክት የሚሆኑትን የስብ ከረጢቶች በማዘጋጀት ደግሞ የካናዳው ፒተር ከሊስና ባልደረቦቻቸው ብዙ ዓመት ደክመዋል። የላንገር ድርሻ ከዚህ ሁሉ በፊት የቀደመ ነው፤ ትልልቅና በቀላሉ የሚፈርሱ ሞለኪውሎችን በሌላ ነገር ውስጥ ጠብቆ ወደ ሰውነት ማድረስ እንደሚቻል፥ ብዙዎች አይሆንም ባሉበት ጊዜ፥ ማሳየታቸው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ክሮቹ በልዩ ልዩ አገር ተፈትለው በ2020 ተገናኙ። 30,000 ያህል ሰዎች በተካፈሉበት ሙከራ የሞደርና ክትባት በሽታውን የመከላከል ኃይሉ ከመቶ 94.1 ሆኖ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 18 ቀንም በአሜሪካ ለአስቸኳይ ጊዜ እንዲያገለግል ተፈቀደ። እኛ ወደ ክፍላችን መመለስ የጀመርነው ከዚያ ቀደም ብሎ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ስለ ሆነ፥ ያ ክትባት የትምህርት ቤታችንን በር ከፈተ ብዬ አልጽፍም። ነገር ግን በዓለም ዙሪያ አያሌ ሰዎችን ከሞት እንዳዳነ የማይካድ ነው።

ሊቀጥራቸው የወደደ ያልነበረው መሐንዲስ በ2005 የማሳቹሴትስ ተቋም ለመምህራኑ የሚሰጠውን ከፍተኛ ማዕርግ ተቀበሉ። በ2002 የድሬፐር ሽልማት፥ በ2008 የፊንላንድ የሚሌኒየም የቴክኖሎጂ ሽልማት፥ በ2015 የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ የምሕንድስና ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከ1,500 በላይ የምርምር ጽሑፎች ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳትመዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በቤተ ሙከራቸው ሠልጥነው የወጡት በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ ብዙዎቹም ዛሬ ራሳቸው ፕሮፌሰሮች ሆነው ያስተምራሉ። አርባ ኮሌጆች መልስ የነሷቸው ሰው በመጨረሻ አስተማሪ ሆኑ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ እኛም በቅርቡ የምንማረውን የትምህርት ዓይነት እንመርጣለን። በክፍላችን ውስጥ ይህ ነገር ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ደመወዙ ስንት ነው?» የሚል ነው። ወላጆቻችን እኛን ለማስተማር ምን ያህል እንደሚደክሙ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ አይንቀውም። ላንገርም ቢሆኑ በኋላ ከፈጠራዎቻቸውና ካቋቋሟቸው ኩባንያዎች ሀብት አግኝተዋል። ነገር ግን በ1974 ያን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ያን ጊዜ የጠየቁት «እኔ የማውቀውን የሚያውቅ ሰው የሌለበት፥ ነገር ግን የሚያስፈልግበት ቦታ ወዴት ነው?» ብለው ነው። ይህን ጥያቄ ከደመወዙ ጥያቄ ጎን እንድናኖረው እለምናችኋለሁ። በአገራችን መሐንዲስ የሚያስፈልገው ሆስፒታል፥ ኬሚስት የሚያስፈልገው እርሻ፥ የሒሳብ ዐዋቂ የሚያስፈልገው መሥሪያ ቤት ሞልቷልና።

ሁለተኛውን ነገር የምናገረው ለራሴም ጭምር ነው። በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ሙከራችን ሳይሳካ ሲቀር ብዙ ጊዜ ውጤቱን ከጎረቤት ቡድን እንገለብጣለን። እኔም እንዲህ አድርጌ ዐውቃለሁ። ይህን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ ግን ያልሠራውን «አልሠራም» ብዬ በደብተሬ መጻፍ ጀምሬአለሁ። እስካሁን የጻፍሁት 7 ነው፤ 200 ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረኛል።